ጃፓኑ፣ አባቴና የኑግ ዘይት

ሰው ስለ ጃፓኑ ሠዓሊ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የሚታወሰኝ አቀማመጡ ነው። ስልሳን ያለፈ፣ በወጣትነቱ ፓሪስ ድረስ ሄዶ የዘይት ቀለም የተማረ፣ በአገሩ ስም ያለው ሰው፣ ላሊበላ መጥቶ አባቴ ደጃፍ ባዶ መሬት ላይ ተንበርክኮ ይቀመጥ ነበር። በርጩማ ስናቀርብለት እጅ ነሥቶ እምቢ ይላል። እናቴ ጉልበቱን ያመመው መስሏት ቅቤ አንጥራ አምጥታለታለች። እኔ አስተርጓሚው ነበርኩ፤ ቀኑን ሙሉ አብሬው እየዋልኩ ቀኑን ሙሉ እንቀው ነበር።

እውነቱን ለመናገር ያኔ የማልንቀው ሰው አልነበረም። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ፈረንጅ እንደገና መምጣት ጀምሮ፣ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃል የያዘ ሁሉ አስጎብኚ ሆኖ ነበር። አንዱ ከሌላው የሰማውን እየጨማመረ፣ ድንጋዩ ሲጠረብ አጠገቡ ቆሞ ያየ ይመስል ያወራል። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ፤ ግን ራሴን ከእነሱ አልቆጥርም። አዲስ አበባ አራት ዓመት ሥዕል ተምሬያለሁ። በዘይት ቀለም ሰው ስሠራ ከግድግዳው ወጥቶ ሰላም የሚል ይመስል ነበር፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ እል ነበር። ሥዕሌን የሚገዛኝ ጠፍቶ፣ የቤት ኪራይ አቅቶኝ ነው አገሬ የገባሁት። ለጎረቤት ግን ለጥናት መጣሁ አልኩ። ጎረቤቱም አመነ፣ የተማረው እያለ ይጠራኝ ጀመር።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ከኩልመስክ እስከ ጋሸና ባሉ አድባራት የእሱ እጅ ያላረፈበት መጋረጃ ጥቂት ነው። አሠራሩ አባቱ ያስተማረው ነው፤ አባቱንም አባቱ። አቡጀዴውን እንጨት ላይ ይወጥራል፣ የላም ቆዳ ቀቅሎ ሙጫ ያወጣል፣ ሙጫውን ከጀሶ ጋር ለውሶ ይቀባል፣ ሲደርቅ በድንጋይ ያለሰልሰዋል። ከዚያ ቀይ አፈር፣ ቢጫ አፈር፣ ከሰል። ሰማያዊውን ብቻ ከሱቅ ይገዛል። ጥላ የለም፤ ብርሃን ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። የቅዱሳኑ ሁሉ ዐይን ፍንጃል ያህላል። ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ ብዬው አውቃለሁ። መንግሥተ ሰማያት ከገቡ በኋላ በምን ይለያያሉ አለኝ። በልቤ ደንቆሮ አልኩት።

ጃፓኑ እንግዲህ ይህንን ሊያይ ነው ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣው። ሌላው ፈረንጅ ውቅር ቤተ ክርስቲያኑን አይቶ፣ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ገብቶ፣ ጠበሉን በመዳፉ ተቀብሎ በሦስተኛው ቀን ይሄዳል። ይህ ሰው ግን ክረምቱን እኛ ደጃፍ ከረመ። ሙጫ ሲቀቀል አፍንጫውን ድስቱ ላይ ደፍቶ ያሸታል፤ የላም ቆዳ ግማት የሽቶ ያህል ደስ ይለዋል። አባቴ አፈር ሲፈጭ አጠገቡ ተቀምጦ እሱም ከአገሩ ያመጣውን ድንጋይ ይፈጫል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሲፈጩ ቤታችን ወፍጮ ቤት ይሆናል። ቋንቋ አይግባቡም፤ አንዱ ሌላውን በጣቱ እየነካ ጠጠሩ ልሟል አልላመም ይባባላሉ። እኔ ለማስተርጎም የተቀጠርኩት ሰው ሥራ ፈትቼ በር ላይ እቆም ነበር፤ ይህም ያናድደኝ ነበር።

አንድ ቀን ጃፓኑ የሕይወቱን ነገር አወራኝ። ከፓሪስ ወደ አገሩ ሲመለስ እንደ ፈረንጆቹ ቀለሙን እያወፈረ መሣል ጀመረ። የጃፓን ክረምት እርጥብ ነው፤ ቀለሙ አልደርቅ አለው፣ ሻገተበት፣ ሥዕሎቹ አንድ ላይ ተጣበቁ። ሰው ሳቀበት። ከዚያ በአገሩ አሠራር የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄዶ ተንበረከከ፤ ሙጫ መቀቀልና ድንጋይ መፍጨት እንደ ጀማሪ ተማረ። ዘይቱን እንደ ውኃ አቅጥኖ ከሥር በሚቀባው የሙጫ መደብ ላይ ማረፍ እንዲችል ለማድረግ ዐሥር ዓመት ፈጀበት። ስሙን ያገኘው በዚያ ነው። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ አባቴ ማሰሮውን ያማስል ነበር፤ ምን እያለ ነው አለኝ። ዘይቱ አልደርቅ ብሎት ነበር ይላል አልኩት። ከዚያስ አለኝ። ከዚያማ ተወው አልኩ። የዐሥር ዓመት ድካሙን በሁለት ቃል ጨረስኩለት። ሰነፍ ስለነበርኩ አይደለም፤ ዐሥር ዓመት ሙጫ ለመቀቀል የፈጀን ሰው ታሪክ ማስረዘም አልፈለግኩም።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከአዲስ አበባ ያመጣኋቸውን አምስት ሥዕሎች አሳየሁት። አንደኛው የገበያ ሴት ናት፣ ሁለተኛው በሬ፣ ሌሎቹን ረስቻቸዋለሁ፤ መረሳታቸው ራሱ ምስክር ነው። ጃፓኑ እያንዳንዳቸውን ለረጅም ጊዜ አየና ጎንበስ አለ። "ይኸን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ፓሪስ ሆኜ እኔም እንዲህ እሠራ ነበር" አለኝ። ስድብ አልነበረም፤ እንዲያውም በሐዘኔታ ነው የተናገረው። እኔ ግን ያን ሌሊት ተንገበገብኩ። የአባቴን አፍጣጭ ቅዱሳን ተንበርክኮ እያየ የእኔን በአንድ ዐረፍተ ነገር አሰናበተው። መቀላቀል ከሆነ ነገሩ፣ ከሁለታችሁም አስበልጬ እቀላቅላለሁ አልኩ።

አጋጣሚውን ያመጣችልኝ ከኩልመስክ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች አንዲት ባልቴት ናት። አንድ ልጇን ደርግ ለውትድርና አፍሶ ወስዶባት ነበር። ጦርነቱ አልቆ የሰው ሁሉ ልጅ ሲመለስ የእሷ አልመጣም። ሞቷል፣ ተዝካሩን አውጪ ቢሏት እምቢ ብላ፣ ለመንደሯ ማርያም ሥዕል ተሳለች። ልጁ በሁለተኛው ዓመት እያነከሰ መጣ። ስለቱን ሳታገባ ቆይታ ነበርና እንቅልፍ አጥታለች። እመቤቴ የሰጠችኝን መልሳ ትወስድብኛለች ብላ ትፈራ ነበር። የኅዳር ጽዮን ሳያልፍ ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ እመቤታችን ልጇን እንዳቀፈች፣ ተሥሎ፣ እሷም እንደ ወጉ ከእግሯ ሥር ተደፍታ ተሥላ፣ ንግሡ ላይ እንዲሰጥላት አባቴን ለመነችው።

የአባቴን ዐይን ሞራ ጋርዶት ነበር። አፈሩን በጣቱ ይለየዋል፤ መስመር ግን አይታየውም። እኔ አልችልም፣ ልጄ ይሠራልዎታል፣ በእኔ አሠራር አላት። ወደ እኔም ዞሮ በእኔ አሠራር ብሎ ደገመልኝ። እሺ አልኩት። እንደምዋሽ እያወቅኩ ነው እሺ ያልኩት።

ጃፓኑ በጥቅምት ወደ አገሩ ሄደ። ግማሽ ግማሽ የቀሩ የቀለም ቱቦዎች ተወልኝ፤ ማቅጠኛ ዘይቱ ግን አልቆ ነበር። ሲሰናበተኝ ወፍራም አታድርገው፣ ጊዜ ስጠው፣ አባትህን ጠይቅ አለኝ። ሦስቱንም አላደረግኩም። ከደሴ ወዲህ የሠዓሊ ዘይት አይገኝም። ንግሡ ከወር ያነሰ ቀርቶታል። ያለኝን ብልሃት ሁሉ አሰብኩና የእናቴን የኑግ ዘይት ጠርሙስ አነሳሁ። ዘይት ዘይት ነው አልኩ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይላሉ፤ ለእኔ የተባለ ይመስለኛል።

እናቴ ዘይቱ የት ገባ ስትል ማርያም ጾም ይዛለች ብዬ ቀለድኩባት። ቀለሙን በኑግ ለውሼ አወፈርኩት። ፊቷን ከአንድ ወገን ብርሃን ሰጠሁት፣ ከሌላው ወገን ጥላ፤ አስተማሪዎቼ የሚወዱት ዓይነት። የቀሚሷ ሰማያዊ የጣት ውፍረት ነበረው። ዙሪያውን ደግሞ የአባቴን ጥቁር መስመር አስመስዬ አወረድኩበት፤ ቅልቅሉ ይኸ ነው እንግዲህ። ከእግሯ ሥር ባልቴቷን ተደፍታ፣ የእጇ ደም ሥር ሳይቀር እየታየ ሣልኳት። ቆሜ ሳየው ልቤ አበጠ። ጃፓኑ ከሄደ ወር ሳይሞላው በለጥኩት አልኩ።

ችግሩ አልደርቅ አለ። ሳምንት አለፈ፣ ጣቴን ሳስነካው ይከተለኛል። ፀሐይ ላይ አወጣሁት፤ አቧራና ዝንብ ተለጠፈበት። የወላዲተ አምላክን ቀሚስ በመርፌ ከዝንብ እግር ሳጸዳ የዋልኩበት ቀን አለ። አባቴ በዳበሳ መጣና ደርቋል ወይ አለኝ፤ ደርቋል አልኩት። ምንድን ነው የሚሸተኝ አለ፤ የውጭ አገር ቀለም ጠረኑ እንዲህ ነው አልኩት። እጁን ሊያስነካው ዘረጋ፣ ቀለሙ እንዳይጎዳ ብዬ ያዝኩት። ኀምሳ ዓመት ሥዕል የሠራን ሰው እጅ ከሥዕል ላይ መለስኩ።

የባልቴቷ ልጅ በዋዜማው አባቴን የምታስቀምጥ በቅሎ ይዞ መጣ። ሥዕሉን መጠቅለል ስለማይቻል እሱና እኔ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርገን እንደ ቃሬዛ ተሸክመን ሄድን። መንገደኛው ማን ሞቶ ነው እያለ ይጠይቀን ነበር። ልጁ እያነከሰ አንዴም ይደክመኛል አላለም። እናቱ ሥዕሉ ከገባ በኋላ ልትድረው ስለሆነ ቸኩሏል። ከዚያ በፊት ሠርግ አይታሰብም ብላዋለች። ይህንንም ሰምቼ የባላገር ነገር ብዬ ሳቅኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ቄሰ ገበዙ ሥዕሉን አይተው አፋቸውን ያዙ። ሕያው ትመስላለች አሉ። ሥጋ ለብሳለች አሉ። እስከ ዛሬ ድረስ ካገኘኋቸው ምስጋናዎች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው፤ የሰጡኝ ደግሞ ሥዕል ምን እንደሆነ የማያውቁ ሰው ናቸው። በሴቶች በኩል፣ ሰው እንዲሳለመው ዝቅ ተደርጎ ተሰቀለ፤ መጋረጃም ተጋረደለት። እንዳይነኩት ልበል አልበል ሳመነታ ቆየሁ። ካልኩ ለምን ይሉኛል፤ አልደረቀም ልል ነው። አንድ ሌሊት ምን አላት፣ በነጋታው ይደርቃል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ጠዋት ቅዳሴው ሲያልቅ መጋረጃው ተገለጠ፤ እልልታ ሆነ።

የመጀመሪያዋ ሴት ግንባሯን አስነክታ፣ ስማ ዞር ስትል ግንባሯ ላይ ሰማያዊ ነበረ። ሁለተኛዋ ከንፈሯ ቀላ። አንድ ሰው የሥዕሉ ቀለም ለቀቀ ብሎ የሚጮህ መስሎኝ ጠበቅኩ። የጮኸ የለም። ሦስተኛዋ ሴት ግንባሯን ዳብሳ ጣቷን አሸተተች፤ የዘይት ሽታ ነው። ሥዕሏ ቅብዓት አወጣች አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳት። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ዐይኑ የታመመ ልጇን ያቀፈች ከቀሚሱ ጫፍ ወስዳ ቀባችው፤ ወገቧን የሚያማት ወገቧን፤ አንዲት አዲስ ሙሽራ ማህፀኗን። ነጠላቸውን እያስነኩ ለቤት ይወስዳሉ። አንዱ ሽማግሌ የማርያምን ጉንጭ በመዳፉ ጠርጎ ራሰ በራው ላይ ለቀለቀው። ያን ሁሉ ሕዝብ ናቅኩት። የእናቴን የወጥ ዘይት ለፈውስ የሚቀባ ሕዝብ ብዬ ናቅኩት፤ በንቀቴ ውስጥ ደግሞ ተአምር ሆኖ ቢቀር ብዬ እጸልይ ነበር።

ስለት ያስገባችው ባልቴት እንግዳ አስቀድማ፣ ደካማ አስቀድማ፣ እሷ መጨረሻ ላይ ቀረች። ልጇን በእጇ ይዛ ስትደርስ ሥዕሉ ላይ ፊት አልነበረም። ዐይኖቹ ወደ አገጩ ወርደው፣ ሕፃኑ ከእናቱ ቀሚስ ጋር አንድ ሆኖ፣ ዝንጉርጉር ጭቃ ብቻ ነበር። እሷ ራሷ የተሣለችበት ግን ዝቅ ስለሚል ማንም አልነካውም፤ ባዶ ነገር ፊት ተደፍታለች። እልልታው ቀስ በቀስ ቆመ። አሮጊቷ ረጅም ጊዜ አይታ ወደ ቄሱ ዞረች።

"ለሁሉ ሰጥታ ለእኔ ፊቷን ነሣችኝ" አለች። "ስለቴን አልተቀበለችኝም።"

ቄሱም ምናልባት ያልተናዘዝሽው ነገር ይኖር እንደሆነ አሏት። የቆሙት ሰዎች ከእሷ ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ አሉ። ልጇ እጁን ሊያስለቅቅ ሲል አጥብቃ ያዘችው፤ ትወስድብኛለች፣ ልትወስድብኝ ነው ትላለች በለሆሳስ። ያን ጊዜ እዚያ ቤት ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ነገሩ ኑግ እንደሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አፌ አልከፈትም አለኝ። የተማረው ነኝ፤ በማይሙ ሕዝብ ፊት እንዴት እዋረዳለሁ።

አባቴ በትሩን እየደገፈ ወደ ሥዕሉ ሲሄድ ሰው መንገድ ለቀቀለት። እጁን ያን ጊዜ ማንም አልያዘውም። ጣቱን ቀለሙ ላይ አሳርፎ አፍንጫው ዘንድ ወሰደው፣ ከዚያም በምላሱ ቀመሰው። ወደ እኔ ይዞራል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልዞረም።

"የእኔ ሥራ ነው" አለ። "ለልጄ ቀለሙን የለወስኩለት እኔ ነኝ፤ ዐይኔ ጠፍቶ በሙጫ ፈንታ የወጥ ዘይት ጨመርኩ። አላየሁትም። እርስዎ ጉድለት የለብዎትም፣ እመቤቴም አልተቆጣችም። ስለትዎ ገብቷል፤ ያላገባሁት እኔ ነኝ።"

ቄሱ ተቆጡ። ዐይን ከሌለዎት ቀለም ምን አስለወሰዎት አሉት፤ በቤተ መቅደስ መቀለድ ነው አሉት። አባቴ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ለመነ። ግንባራቸው የተቀለመ ሴቶች አጉረመረሙበት፤ አንዳንዷ በነጠላዋ እየፈገፈገች በዐይኗ ገላመጠችው። ባልቴቷ ግን የልጇን እጅ ለቅቃ የአባቴን ጉልበት ሳመች። እግዜር ይስጥልኝ ነገሩኝ፣ ነገሩኝ እያለች ታለቅስ ነበር። እኔ ሰማያዊ ጥፍሬን በጋቢዬ ውስጥ ደብቄ ቆሜ ነበር።

ሥዕሉን ቄሱ ራሳቸው አውርደው አስወጡት። በዓመቱ ሌላ ሠዓሊ በዱሮው አሠራር፣ በፍንጃል ዐይኖቹ፣ ሌላ ሠራላት፤ ልጁም ተዳረ። አባቴን ግን ከዚያ ወዲያ የጠራው ደብር የለም። ዐይኑ ጠፍቶ ማርያምን ያበላሸ ተብሎ ወሬው ከጋሸና ማዶ ተሻገረ። ቤት ተቀምጦ አፈር ይፈጭ ነበር፤ የሚቀባው ሰው ሳይኖር ይፈጫል። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አልነገረኝም፤ እኔም አላነሣሁበትም። ጃፓኑ ከአገሩ የላከልን መጽሐፍ ውስጥ አባቴ ደጃፋችን ላይ ተቀምጦ ተሥሏል፤ ዐይኖቹ በእኛ አገር ወግ ትልልቅ ናቸው፣ ዘይቱ እንደ ውኃ ቀጭን ሆኖ ከሥሩ የሙጫው መደብ ይታያል። ጥሩ ነው ለማለት እስከ ዛሬ አፌ አይታዘዝልኝም።

አባቴ ሲሞት ያቺ ባልቴት በልጇ ተደግፋ፣ የልጅ ልጅ አዝላ መጣች። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ አለቀሰች። ስትነሣ ጉንጬን ይዛ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"እኔ አባትህን ይቅር ብያቸዋለሁ ልጄ" አለችኝ። "ስላዋረዱህ አንተም በልብህ አትያዝባቸው።"

እሺ አልኳት።